በመጋቢት ፀሐይ ቤት ለቤት የምንዞር ሰዎች እንዴት እንቻለው?

ጠያቂ፦
ጎንደር ውስጥ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ እረዳለሁ። ጎንደር ደጋ ናት የሚል ሰው በሚያዝያ ቀትር የአዘዞን መንገድ በእግሩ ይሞክረው! ዐቢይ ጾምም ከዚሁ ወቅት ጋር ይገጥማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ዳገት ስወጣ ዓይኔን ያጨልመኛል። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ነርሷ፦
እህቴ፣ ሰዓቱን ቀይሪው። ሩቅ ሩቆቹን ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ጨርሺ፤ መዝገብ መሙላቱን ለቀትር አቆዪው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ነፋሱ ቢያቀዘቅዝም ጨረሩ ይበረታል፤ ጃንጥላ ያዢ። ሽንትሽ ከጠቆረ ውኃ አንሶሻል። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ሥራሽን ሲሰሙ የሚጨክኑ አይመስለኝም።

መተማ የሠራሁ፦
እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሰውነቱ ግሎ የሚዘባርቅ ሰው ካጋጠመሽ እንዲያርፍ ብቻ ብለሽ አትተዪው። ጥላ ውስጥ አስገቢው፣ ልብሱን አላዪለት፣ ውኃ እያፈሰስሽ አራግቢለት፣ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም።

ጠያቂ፦
አንዲት እናት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጋቢ ተከናንበው በር ይዘጋሉ። «ነፋስ ይመታኛል» ይላሉ። የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ።

ነርሷ፦
አትሟገቻቸው። ጋቢውን በነጠላ ለውጪላቸው፤ በሩን ከፍተሽ እሳቸውን ከነፋሱ መስመር ወደ ጥግ አስቀምጫቸው። መድኃኒቱ ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ምን ያህል ውኃ መጠጣት እንዳለባቸው ሐኪማቸውን ጠይቂ።