ጨለለቃ ራሱ ነው የደረቀው ወይስ እኛ ነን ያደረቅነው?

የዛሬው ጥያቄ፦ ከሐዋሳ በስተምሥራቅ ያለውን ጨለለቃ ትልልቆቻችን ሐይቅ ሆኖ ያውቁታል። ዛሬ ረግረግና ሣር ነው። ከበላዩ ያለው ዳገት ከእርሻ ይከለል የሚሉ አሉ። ምን ትላላችሁ?

የታቦር ልጅ፦ አልስማማም። ምድር መቼ ባለችበት ቆማ ታውቃለች? የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ወለል ነበር። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላም አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ያንን ገበሬ አላደረቀውም።

የጂኦግራፊ መምህር፦ ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ከዝዋይ ወደ አብያታ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ የሸረሸረው ገደል ሥር ቆሜ የዚያን ትልቅ ሐይቅ ወለል አይቼዋለሁ። ነጭ አፈር ነው፣ እንደ ዱቄት ይቦናል። በጣትህ ጫር ስታደርገው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይወጣል። ዙሪያህ ግን ደረቅ ሜዳ ነው። ታዲያ ለምን ደረቀ? ምድር በዘንጓ እንደ እንዝርት ቀስ እያለች ትወዛወዛለች። በዚህም የተነሳ ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ በፊት ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበው በእኛ ክረምት ነበር። አሁን በታኅሣሥ ነው። ያኔ የክረምቱ ዝናብ በርትቶ ሰሃራ እንኳ ሐይቅና ጉማሬ ነበረው። ያ ዝናብ እስኪሸሽ ሺህ ዓመታት ፈጅቷል። ጨለለቃ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አለቀ! በዚህ ዕድሜ ዘንጉ ምንም አልሆነም። የተለወጠው ዳገቱ ነው። ደን ነበር፣ እርሻ ሆነ፤ ጎርፉ አፈሩን ይዞት ወደ ሐይቁ ወረደ።

ዓሣ አስጋሪው፦ እኔ የማውቀው ውሃውን ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ከጨለለቃ ተነስቶ ነው ሐይቃችን፣ ሐዋሳ፣ የሚገባው። ክረምት ላይ ማኪያቶ መስሎ ይመጣል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ደለል የት ይሄዳል? ቆሮሶ የምንለው ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ዳር ዳሩን ነው፤ ጭቃው መጀመሪያ የሚተኛውም እዚያው።

የታቦር ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ፍጥነቱን አምኛለሁ። ግን ገበሬውን ተነስ ማለት ደግ ነው? ልጆቹን በምን ያሳድግ?

የጂኦግራፊ መምህር፦ ተነስ አላልኩም። እርከን ይሥራ። በጣም ቀጥ ያለውን ዳገት ለዛፍ ይልቀቅ። በቀረው እንሰት ይትከል። እንሰት በየዓመቱ አይታረስም፣ አፈሩን ይይዛል፣ ቤተሰብም ያበላል። የሲዳማ እናቶች ይህን ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

የታቦር ልጅ፦ እንሰቱ ላይ አብረን ነን። ግን እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል። እስከዚያ ገበሬው በቆሎውን ትቶ ምን ይበላል? ለዚህ መልስ ሳይያዝ ክልከላው ቢመጣ አሁንም እቃወማለሁ።