«ኤይስ» ማለት «ስለ» ነው እንዴ? (ሐዋ. 2፥38)

ዘደብረ፦ ትናንት አንድ ሰባኪ በላይቭ «ኃጢአታችሁም ይሰረይ ዘንድ... ተጠመቁ» የሚለውን አነበበና «እዚህ ጋ ግሪኩ ኤይስ ነው፤ ስለተሰረየላችሁ ተጠመቁ ማለት ነው፤ ግሪኩ ግልጽ ነው» ብሎ አለፈ። ኤይስ እኮ አብዛኛውን ጊዜ «ለ» ወይም «ወደ» ተብሎ የሚተረጎም የግሪክ መስተዋድድ ነው። ኧረ በሕግ! ተርጓሚዎቹ ሁሉ ተኝተው ነበር?

ቤርያዊው፦ ምኑ ነው ያናደደህ? ማቴዎስ 12፥41 የነነዌ ሰዎች «በዮናስ ስብከት» ንስሐ ገቡ ሲል ኤይስ ነው። ዮናስ ስለሰበከ ነው የተመለሱት። ለራስ ምታት ኪኒን ስትውጥ እንዲያምህ ነው እንዴ?

ዘደብረ፦ የኪኒኗን ምሳሌ ከፈረንጅ ሰባኪዎች ለቃቅማችሁ አመጣችኋት። ማቴዎስ 26፥28ን ክፈት። «ለኃጢአት ይቅርታ የሚፈስ» ይላል፤ እዚያም እዚህም «ኤይስ አፌሲን» («ለስርየት») ነው። ጌታ ደሙን ያፈሰሰው ኃጢአታችን ስለተሰረየ ነው? ግልጽ ያልከው ይሄን ነው?

ቤርያዊው፦ «ግልጽ» ያለው ሰባኪው ነው፤ እኔ አልወጣኝም።

ዘደብረ፦ ጠበቃው ግን አንተ ነህ።

ሶስና፦ ግልጽ ቢሆንማ ምሁራኑ ማንቴይና ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1952 በመጽሔት አይሟገቱበትም ነበር። ማንቴይ «ስለ» የሚል ፍቺ አለው ብሎ ከጥንት ግሪክኛ ምሳሌ ደረደረ። ማርከስ ምሳሌዎቹን አገላብጦ አይቶ፣ ማንቴይ ስለ ጥምቀቱ ልክ ቢሆን እንኳ በቋንቋው ምክንያት አይደለም አለ።

ቤርያዊው፦ «ልክ ቢሆን እንኳ»! አያችሁ፣ በሩን አልዘጋውም።

ሶስና፦ ወንድሜ፣ «በቋንቋው ምክንያት አይደለም» የሚለውንስ ወዴት ወሰድከው? ሰባኪው የተመረኮዘው እኮ በቋንቋው ብቻ ነው።

ቤርያዊው፦ እሺ ቋንቋውን ተዪው። ሐዋርያት ሥራ 10 ላይ መንፈስ ቅዱስ በቆርኔሌዎስ ቤት ሰዎች ላይ የወረደው ውኃ ሳይነካቸው ነው፤ ስርየቱ ከጥምቀት ይቀድማል ማለት ነው።

ዘደብረ፦ እንዲያም ሆኖ ጴጥሮስ እንዲጠመቁ አዘዘ። ደግሞ ቅዳሴ ላይ «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት ለሥርየተ ኀጢአት» እንላለን። የግሪኩ ጸሎተ ሃይማኖት እዚያ ቦታ ኤይስ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ381 ቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች በግሪክኛ አፋቸውን የፈቱ ነበሩ። ከእነሱ ይልቅ የላይቩ ሰባኪ ግሪክኛ ይበልጣል?

ቤርያዊው፦ ሰዋስው ሲያልቅባችሁ ጉባኤ ትጠራላችሁ።

ሐዋርያዊ፦ ስለ አንዲት ፊደል ስትነታረኩ «በኢየሱስ ክርስቶስ ስም» የሚለውን ሁላችሁም ዘለላችሁት። ለምን ይሆን?

ዘደብረ፦ መጣ ደግሞ! ማቴዎስ 28፥19 «በአብ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ስም» ይላል።

ሐዋርያዊ፦ «ስም» እንጂ «ስሞች» አላለም፤ ያ አንዱ ስም ኢየሱስ ነው።

ሶስና፦ ይሄን ካነሳችሁ፣ ማቴዎስ ላይ ኤይስ ነው፤ ጴጥሮስ ያለው ግን ኤፒ የሚል ሌላ መስተዋድድ ነው። አማርኛው ሁለቱንም «በ» አላቸው።

ቤርያዊው፦ ይኸውልህ ዘደብረ! ተርጓሚዎቹ አልተኙም አላልክም?

ዘደብረ፦ «ይሰረይ ዘንድ» ላይ አልተኙም። ወሬ አትቀይር።

ሐዋርያዊ፦ የእኔን ጥያቄ ግን እስካሁን የመለሰ የለም።

ዘደብረ፦ አንተ የራስህን ርዕስ ክፈት።