የሽጉጤ የፊት ማነጣጠሪያ ነጥብ ደበዘዘችብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ፒያሳ ትንሽ የወርቅ ሱቅ አለችኝ። ፈቃድ አውጥቼ ለዓመታት የያዝኩት ማካሮቭ ሽጉጥ ነበር፤ 8 ጥይት የምትጎርስ፣ እጄ የለመዳት። በቅርቡ በሕጋዊ መንገድ በአዲስ ኮምፓክት (አነስ ያለ) ሽጉጥ ቀየርኳት።

አያያዟ ደስ ይላል። መዳፌ ውስጥ ቁጭ ትላለች፣ ምላጯም አያስቸግርም። ጭንቀቴ ማነጣጠሪያዋ ነው። ከፊት አንድ ነጭ ነጥብ፣ ከኋላ ሁለት አላት። ልምምድ ላይ እጄን ዘርግቼ ሳይ የፊቷ ነጥብ ጉም የለበሰች ትመስላለች፤ አንዳንዴም ሁለት ትሆንብኛለች። የማንበቢያ መነጽሬን ሳደርግ እሷ ትንሽ ትጠራለች፣ ኢላማው ግን ጭራሽ ይጠፋል። ዕድሜዬ 52 ነው።

አሰልጣኙ «የፊቷን አጥርተው ይዩ፣ ኢላማው ይደብዝዝ ግድ የለም» አለኝ። እሷው ናት እኮ እምቢ ያለችኝ! ከፊት እስከ ኋላ ማነጣጠሪያ ያለው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከሳትኩ በ10 ሜትር ርቀት ጥይቷ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ትስታለች። ሰው በሚርመሰመስበት ሰፈር ይሄ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ካዝና ውስጥ ቆልፌባታለሁ።

እባካችሁ፣ ለክንድ ርቀት የሚሆን መነጽር ያሠራችሁ አላችሁ? ለዓይን ሐኪሙ እንዴት አስረዳችሁት? ወይስ የፊቷን ነጥብ ደማቅ ቀለም ማስቀባት ይበቃል?