ጉሎ ዘይት ያጣበቀው ፎክስ 36 ይነሳ ይሆን?

የዴንቨሩ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። በሽቦ እየተያዘ የሚበር የውጊያ ሞዴል አውሮፕላን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሁለት ሰው መሃል ይቆማል፤ እያንዳንዱ 18 ሜትር ገደማ በሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አውሮፕላኑን ያዞራል፤ የሌላውን የወረቀት ጅራት በፕሮፔለሩ ለመቁረጥ ይታገላል። ልቤን የሰረቀኝ ጨዋታ ነው።

ጎረቤቴ ሽማግሌው ጋራዣቸውን ሲያጸዱ ያረጀ ፎክስ 36 ኮምባት ስፔሻል የሚባል የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ሰጡኝ። 5.9 ሲሲ ነው። ግን ንቅንቅ አይልም! ፒንሳ አነሳሁና ፈርቼ ተውኩት። ከተነሳልኝ በፊኛ ታንክ (ነዳጅ በሚሞላ የጎማ ከረጢት) ላበረው አስቤያለሁ። ቬንቱሪውን፣ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳውን፣ ላስፋው? ነዳጁ ውስጥ ኃይል እንዲጨምር የሚገባው ናይትሮሜቴን (ናይትሮ) ስንት በመቶ ይሁን?

ጋሽ ቴስታታ፦
ልጄ፣ ፒንሳውን መተውህ ደግ አደረግህ። የያዘው ጉሎ ዘይት ነው። የዚያ ዘመን ነዳጅ ሜታኖልና ጉሎ ዘይት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ሩቡ ያህል ዘይት ነው። ዓመታት ሲቀመጥ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። በግድ ብታዞረው ቢየላው ይታጠፍብሃል።

ካንዴላውን ፍታ። በፀጉር ማድረቂያ በእጅ እስከማይያዝ ድረስ አሙቀው፤ በጭስ መውጫው ቀጭን ዘይት ጠብ አድርግ፤ ጠብቅ። እምቢ ካለ ፕላስቲኩንና ጎማውን አውጥተህ በአሮጌ የኤሌክትሪክ ድስት፣ በአንቲፍሪዝ ውስጥ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሰዓታት አቆየው። መርዝ ስለሆነ በዚያ ድስት ምግብ እንዳትሠራ። ሲለቅ ኩሽኔታውን ፈትሽ፤ ዝገት ካየህ አትማረው፣ ቀይረው።

ቬንቱሪውን አሁን አትንካ። የሰፋ ቀዳዳ መልሶ አይጠብም። ፊኛው ነዳጁን ራሱ ስለሚገፋ ሞተሩ በመምጠጥ አይደክምም፤ ሰዎች ደፍረው የሚያሰፉት ለዚህ ነው። ግን መጀመሪያ ነዳጁን የሚመጥን ጥሩ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚስተካከል መርፌ ያስፈልግሃል። ናይትሮ በ10 በመቶ ጀምር። ከዚያ በላይ ከፈለግህ ከቴስታታው ሥር አንድ ጋርኒሲዮን ጨምር። ከዘይቱ ቢያንስ ግማሹ ጉሎ ይሁን፤ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ሲግል የሚያድነው እሱ ነው።

ሽቦ ጠጋኝ፦
የጋሼ ምክር ላይ አንድ ልጨምር። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቆላ ካለ ሰው የተቀበልከውን የመርፌ ልክ እንዳለ አትውሰድ፤ ትንሽ መዝጋት ይኖርብሃል። ደግሞ እባክህ፣ ሽቦው ቢበጠስ ነዳጁን ቆንጥጦ የሚዘጋ መቁረጫ አድርግለት። ፊኛ ያለው ሞተር ሰው ላይ እስኪወድቅ ድረስ አይቆምም።

የዴንቨሩ ልጅ፦
ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክ። ሦስተኛው ማሞቅ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ቡናማ ሙጫ ወጣ። የኋላው ኩሽኔታ ዝጎ ነበር፣ ቀየርኩት። ትናንት ጣውላ ላይ አስሬ አስነሳሁት። መርፌውን ከፈት አድርጌ፣ ጭሱ እየተግተለተለ፣ ነዳጅ አብዝቼ አሠራሁት። ጎረቤቴ ድምፁን ሰምተው በካልሲ ወጡ። መቁረጫው እንደደረሰኝ ሽቦው ላይ አወጣዋለሁ።