አዲስ ምሩቅ ነርሶች አእምሮ ሕክምና ክፍል ሲመደቡ በምን ይጀመር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ጀማሪ ነርሶች ወደ ተኝቶ ታካሚ ክፍላችን ሊመጡ ነው። የሳይካትሪ ልምምዳቸው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። ከየት ልነሳ?

መልስ 1፦ ሲስተር፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከተረኛ ቁጥር ውጭ አድርጓቸው፣ ማለትም እንደ ተረኛ ነርስ አይቆጠሩ፤ ከነባር ነርስ ጋር ይጣመሩ፣ ሌሊት ብቻቸውን አይደሩ። ከመድኃኒት ሌክቸር በፊት አቋቋም ይማሩ፦ ከታካሚው ሁለት ክንድ ያህል ራቅ፣ ትንሽ ጎን ብሎ፣ የሁለቱም መውጫ ሳይዘጋ። «አይቻልም» ብሎ ጥሎ መሄድ ጠብ ይጭራል፤ ምክንያቱንና መቼ እንደሚመለሱ ይንገሩት።

መልስ 2፦ መድኃኒቱም አይዘግይ እንጂ! ሃሎፔሪዶል የተባለውን የከባድ አእምሮ ሕመም መድኃኒት 5 ሚሊግራም በጡንቻ የተወጋ ወጣት በሰዓታት ውስጥ አንገቱ ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል ይችላል። ጀማሪ «እያስመሰለ ነው» ወይም «የሚጥል በሽታ ነው» ይላል። አኪዩት ዲስቶኒያ ነው፣ ማለትም መድኃኒቱ ያመጣው ድንገተኛ የጡንቻ መኮማተር፤ ሐኪም ይጠራ፣ ብዙ ጊዜ ፕሮሜታዚን በመርፌ ታዝዞ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይለቃል። ጉሮሮውን ከያዘ ግን የትንፋሽ ጉዳይ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይጠበቅም። ክሎርፕሮማዚን የተባለውን ሌላ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የጀመረ ሰው የደም ግፊቱ ተኝቶም ቆሞም ይለካ፤ የላይኛው ቁጥር ሲቆም በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ድንገት እንዳይነሳ፣ ለሐኪሙም ይነገር።

መልስ 3፦ በሁለቱም እስማማለሁ። ጀማሪዎቹ ታካሚን ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባል ብለው ስለሚፈሩ ጥያቄውን ያድበሰብሱታል። አያስገባም። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? በምን? መቼ?» የሚለውን እርስ በርስ ጮክ ብለው ይለማመዱት። በሳምንት አንድ ሰዓት ደግሞ የሚከብዳቸውን የሚያወሩበት ይኑር፤ የሚያዳምጣቸው ሰው የሥራ አፈጻጸማቸውን የሚሞላው አለቃ ባይሆን ይሻላል፣ አለዚያ ማንም አይናገርም።