«ዎከር» የሚለው የቤተሰብ ስም ከመራመድ ነው የመጣው?

የሊድሷ እናት፦
ሰላም ወገኖቼ። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። ባለቤቴ የዚሁ የዮርክሸር ልጅ ነው፤ የቤተሰቡ ስም ዎከር ይባላል። እኔ ሳገባ የአባቴን ስም አልቀየርኩም። ልጃችን ግን የእሱን ይዛለች። ሰሞኑን «የቤተሰብ ስምሽ ከየት መጣ?» የሚል የቤት ሥራ ተሰጣት። በኛ ቢሆን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት ብሎ መቁጠር ነበር። ባሌን ብጠይቀው «ብዙ የሚራመድ አያት ነበረን መሰለኝ» አለኝ። እውነት ነው? ልጄን የሆነ ያልሆነ ነገር መንገር አልፈልግም።

መንገደኛው፦
ትርጉሙ «ተራማጅ» አይደል እንዴ? ደብዳቤ አመላላሽ የነበረ ሰው ይሆናል።

ልብስ ሰፊው፣ ከኤክሰተር፦
እህቴ፣ መንገደኛ አይደለም። ዎከር ማለት ጨርቅ ረጋጭ ነው።

ከሸማኔ እጅ የወጣ የሱፍ ጨርቅ ሳሳ ያለና ቅባት ያለበት ነው። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ውሎ ያደረ ሽንትና ቅባት የሚመጥ አፈር ይጨመርበታል። ከዚያ ሰዎች በባዶ እግራቸው ለሰዓታት ይረግጡታል። ሱፉ እርስ በርሱ ይያያዝና ጨርቁ ይጠብቃል፣ ይወፍራል። አጎቴ ወንዝ ዳር ጋቢ በእንዶድ ሲያጥብ አይተሽው ቢሆን ወዲያው ይገባሽ ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አረፋው ቁርጭምጭሚቱን እስኪሸፍን ይረግጠው ነበር። ጋቢ ጥጥ ስለሆነ ይነጣል እንጂ እንደ ሱፍ አይጠብቅም።

እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ይሄው አንድ ሥራ እንደየአካባቢው ሦስት ስም ወልዷል። በሰሜን ዎከር፣ በደቡብ ምሥራቅ ፉለር፣ እኔ ባለሁበት በደቡብ ምዕራብ ተከር። እዚህ ኤክሰተር እ.ኤ.አ. በ1471 የተሠራው የሸማኔዎችና የረጋጮች ማኅበር አዳራሽ፣ ተከርስ ሆል፣ እስካሁን ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ። የኛው ሙያ ነዋ!

በኋላ እግሩን በውሃ ኃይል የሚሠራ የእንጨት መዶሻ ተካው። ከቀደሙት መዛግብት አንዱ ደግሞ ከእናንተው ሰፈር ነው፦ በ1185 ቴምፕላሮች የሚባሉት የመስቀል ጦርነት መነኮሳት ወታደሮች ርስታቸውን ሲመዘግቡ ቴምፕል ኒውሳም ላይ እንዲህ ያለ በውሃ የሚሠራ የጨርቅ መርገጫ ጽፈዋል። መዶሻው ሥራውን ቢወስድም ስሙ ቀረ።

የሊድሷ እናት፦
ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ቴምፕል ኒውሳም ልጄ የምትጫወትበት መናፈሻ እኮ ነው። ታዲያ ዎከሮች ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው?

ልብስ ሰፊው፣ ከኤክሰተር፦
አይደሉም። ጨርቅ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ረጋጭ ነበረ። የሙያ ስም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የቤተሰብ ስም ሆኖ የጸናው ቀስ በቀስ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገና አባቱ ረጋጭ፣ ልጁ ሌላ የሚባል ሰው ነበር። የባልሽን ዘር ለመከተል መጀመሪያ ከ1837 ወዲህ ያለውን የመንግሥት የልደት መዝገብ እዩ። ከዚያ ወደኋላ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አለ፤ እሱ በ1538 ነው የተጀመረው።

የሊድሷ እናት፦
ትናንት ማታ አሮጌ የሱፍ ሻርፕ ገንዳ ውስጥ ከተን፣ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ጨምረን ልጄ ረገጠችው። ሽንቱን ትተነዋል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በአራት ጣት ጠበበ፤ የሹራቡ ዓይን ጠፍቶ ድፍን ሆነ። አሁን ማሞቂያው ላይ ተሰጥቷል። ሰኞ ይዛው ትሄዳለች።