አራብሳ ላይ ተመላልሶ የማያርፍ ነጭ አውሮፕላን፦ ካርታው ላይ ለምን አጣሁት?

ጥያቄ፦ አራብሳ 4ኛ ፎቅ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በረንዳችን ወደ ምሥራቅ ያያል። በላያችን አውሮፕላን ማለፉ ብርቅ አይደለም። የ11 ዓመት ልጄ የሚያልፈውን ሁሉ በደብተር ይመዘግባል፤ አንዳንዴ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይነግረኛል።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ጠዋት ግን እሱም የማያውቀው መጣ። ነጭ፣ ትንሽ፣ ባለ ሁለት ፕሮፔለር፣ ክንፉ ከሆዱ ሥር የተገጠመ። ከምሥራቅ ዝቅ ብሎ ይመጣል፣ በላያችን አልፎ ወደ ቦሌ ይወርዳል፣ አሁን አረፈ ስንል ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነሳና ይዞራል። ከአሥር ደቂቃ በኋላ በዚያው መስመር ተመልሶ ይመጣል። ረቡዕ ሰባት ጊዜ ቆጥረናል። የመጀመሪያው ምልልስ ሁልጊዜ 3፡40 ገደማ ነው።

ጠዋት ላይ የስልኬ ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ፍላይትራዳርን (አውሮፕላኖችን በካርታ ላይ የሚያሳየውን ድረ ገጽ) የከፈትኩት ማታ ነው። ወደ ኋላ መልሼ 3፡40 ላይ ባየው ባየው የለም። ከፍ ብሎ የሚያልፍ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ብቻ አገኘሁ። መለያውን አጥፍቶ ነው እንዴ የሚበረው? ጎረቤቶች መስጋት ጀምረዋል፤ አንዲት እናት «ልጆቹን ከበረንዳ አስገቡ» እስከማለት ደርሰዋል። ልጄም መልስ እየጠበቀኝ ነው። በምን ላውቀው እችላለሁ?

መልስ፦ ከአያት

ወንድሜ፣ አንድ ነገር አጣራ። 3፡40 ያልከው በእኛ አቆጣጠር ነው አይደል? ካርታው ላይም 03፡40 ብለህ ሞልተህ ከሆነ የሌላ ሰዓት ሰማይ ነው ያየኸው። እነዚህ ካርታዎች ታሪክ የሚይዙት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ እኛ ከእሱ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በዚያ ላይ እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ነው የምንቆጥረው። የጠዋቱ 3፡40 በፈረንጅ ሰዓት 9፡40 ነው፤ ካርታው ላይ ደግሞ 06፡40። አንተ የከፈትከው 03፡40 እኛ ዘንድ ገና ንጋት 12፡40 ነበር።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይኸውልህ፦ በቀን በእኛ ሰዓት ላይ 3 እደምራለሁ፣ ከማታው 12 ሰዓት ጀምሮ 15። 12ን እንደ ዜሮ እቆጥራለሁ፤ ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 24 እቀንሳለሁ። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ያየኸውን ግን ካርታው በትናንቱ ቀን ሥር ነው የሚያስቀምጠው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ እኔም ለወራት ስሳሳት ኖሬያለሁ። ያለ ክፍያ ወደ ኋላ ማየት የሚቻለው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ ዛሬውኑ ክፈተው።

መልስ፦ የለቡዋ

እህታችሁ ነኝ፣ ከለቡ። ምናልባት ይጠቅም ይሆናል። አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። የቦሌ ሁለቱ ማኮብኮቢያዎች ጎን ለጎን የተዘረጉ ናቸው፤ አንደኛው ጫፋቸው በእናንተ በኩል ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሌላው በእኛ በኩል ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ያያል። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን የሚያርፉት በእኛ ጣራ ላይ ነው የሚመጡት፣ ከምዕራብ ሲሆን በእናንተ ላይ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጠዋት በእኛ ላይ ሲያርፉ ነበር። ማክሰኞና ረቡዕ ልብስ ሳሰጣ አይቻለሁ። የእናንተው ትንሽ አውሮፕላን ታዲያ ሌሎቹ ከሚመጡበት በተቃራኒ ነው የመጣው ማለት ነው። ይሄ ለሚያውቅ ሰው አንድ ነገር ሳይነግረው አይቀርም።

መልስ፦ መዝጋቢው

ሰዓቱ ተስተካክሎም ካላገኘኸው ወዲያው «ደብቀውት ነው» አትበል። ካርታው በራሱ ሰማዩን አያይም፤ አውሮፕላኑ የሚናገረውን ነው የሚሰማው። አውሮፕላኑ ላይ ያለው ትራንስፖንደር ማንነቱን፣ ቦታውንና ከፍታውን በ1090 ሜጋኸርዝ ያሰራጫል፤ መሬት ላይ ያሉ መቀበያዎች ይህን ሰምተው በኢንተርኔት ይልካሉ። ዘዴው ኤዲኤስ-ቢ ይባላል። የቆየ አውሮፕላን ማንነቱንና ከፍታውን ብቻ ተናግሮ ቦታውን ላይናገር ይችላል። ያን ጊዜ ቦታው የሚሰላው አራት ወይም ከዚያ በላይ መቀበያዎች አንዱን ምልክት ሰምተው የደረሰበትን ቅጽበት ሲያነጻጽሩ ነው። በእኛ አካባቢ መቀበያው እንደ አውሮፓ የተጠጋጋ ስላልሆነ ይህ ስሌት ብዙ ጊዜ አይሳካም።

ሌላው፣ ድረ ገጾቹ አንድ አይደሉም። ፍላይትራዳር24 ባለቤቶቹ ሲጠይቁ አንዳንዱን አውሮፕላን ይሰውራል ወይም ያለ ስም ያሳያል፤ ኤዲኤስ-ቢ ኤክስቼንጅ ግን እንዲህ ያለውን ማጣሪያ አይጠቀምም። ስለዚህ ሁለቱንም ተመልከት። ስም ባይኖር እንኳ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ይኖራል፤ በ040 ከጀመረ የተመዘገበው ኢትዮጵያ ነው፣ በ04C ከጀመረ ኬንያ። ጅራቱ አካባቢ የተጻፈውን በአጉሊ ማየት ከቻላችሁ ደግሞ የእኛዎቹ በኢቲ ይጀምራሉ።

አንድ ነገር አደራ። ከቢሾፍቱ ሐረር ሜዳ በኩል የሚመጣ ወታደራዊ የሚመስል ነገር ካያችሁ ፎቶ አታንሱ፣ ቦታና ሰዓትም አትለጥፉ። እነሱ ምልክታቸውን የማጥፋት ምክንያት አላቸው። ልጁም ደብተሩ ላይ እንዲህ ያለውን ቢዘለው ጥሩ ነው። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለኝም።

ጠያቂው፦ አራብሳ 4ኛ ፎቅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሰዓቱ ነበር። የረቡዕን 06፡40 ስከፍት እዚያው ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ልጄ ጮኾ እናቱን ቀሰቀሳት። የሄደበትን መስመር ስንከተል በአራብሳ ላይ ሰባት ጊዜ ተደራርቧል፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ወደ ማኮብኮቢያው አልመጣም፣ እንደ ቅስት ሆኖ ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጦታል። የጉዞ ቁጥር የለውም፤ መነሻም መድረሻም አልተጻፈለትም።

አሁን ያልገባኝ ከፍታው ነው። በላያችን ሲያልፍ 8,700 ጫማ ይላል። ይህ ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። እኛ ግን ጎማውን አይተናል! ካርታው ተሳስቶ ነው?

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ ካርታው አልተሳሳተም። የሚቆጥረው ከመሬት ሳይሆን ከባሕር ጠለል ነው። ቦሌ ራሱ 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ተቀምጧል። ከ8,700 ላይ ይህን ብትቀንስ 1,100 ጫማ ይቀርሃል፤ ከ330 ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ አውሮፕላኑ የሚያሰራጨው ከፍታ በመደበኛ የአየር ግፊት፣ በ1013 ሄክቶፓስካል የተሰላ ስለሆነ የእኛ አየር ግፊት ከዚያ ሲለይ በጥቂት መቶ ጫማ ይዛነፋል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚኖር ሰው ከሚያነበው ቁጥር ላይ 7,600ን መቀነስ ልማድ ሊያደርገው ይገባል። ሌላ አገር 9,000 ጫማ ሩቅ ነው፤ እዚህ ሊያርፍ የተቃረበ ነው።

አውሮፕላን በተለመደው የ3 ዲግሪ ቁልቁለት ሲወርድ ከማኮብኮቢያው ጫፍ 8 ኪሎ ሜትር ላይ 420 ሜትር ያህል ከፍታ ይኖረዋል። ከበረንዳህ ያየኸው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በበረራ መርጃ መሣሪያዎች ጥገና ላይ ነው። የነገርከን ሁሉ ካሊብሬሽን በረራ፣ ማለትም የመርጃ መሣሪያዎችን ልክ መፈተሻ በረራ ይመስለኛል። በጭጋግና በዝናብ አብራሪው መሬት ሳያይ ወደ ማኮብኮቢያው የሚወርደው በሬዲዮ ጨረር እየተመራ ነው። አንዱ ጨረር ግራና ቀኙን ይነግረዋል፣ ሌላው የቁልቁለቱን ልክ። ጨረሩ ትንሽ ቢዛባ መሬት ላይ ቆመህ ሙሉ በሙሉ አታውቀውም፤ በየጊዜው መሣሪያ የጫነ አውሮፕላን በውስጡ በርሮ ይለካዋል። ለዚህ ነው ወርዶ የማያርፈው፤ ለዚህም ነው ሌላው አውሮፕላን በለቡ በኩል ሲያርፍ እሱ ክፍተት እየጠበቀ በአራብሳ በኩል የሚመጣው። የለቡዋ እህታችን ያየችው ትልቅ ምልክት ነው። ቅስቱ ደግሞ የግራና ቀኙን ጨረር ስፋት መለኪያ ነው። የሥልጠና በረራ ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ጎማውን አስነክቶ ይነሳ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቅስትም አይሠራም። በዓለም ዙሪያ ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ቢችክራፍት ኪንግ ኤር ነው፦ ባለ ሁለት ፕሮፔለር፣ ክንፉ ከታች፣ ጅራቱ ብዙ ጊዜ የ«ቲ» ቅርጽ ያለው። ልጁ ጅራቱን አይቶ እንደሆነ ጠይቀው።

መሬት ላይ ሆነን አውሮፕላኑን በሬዲዮ እያነጋገርን የመሣሪያውን ልክ ስናስተካክል ፀሐይ ናላችንን እስክታዞረው እንቆም ነበር። ለእናቲቱም ይህን ንገርልኝ፦ ልጆቹ በረንዳ ላይ ቆመው ይዩት። ያ አውሮፕላን የሚመላለሰው ክረምት ላይ በደመና ውስጥ የሚመጣ መንገደኛ በደህና እንዲያርፍ ነው።

ጥያቄ ጨምሬ፦ ከሱሉልታ

ይቅርታ፣ በሌላ ሰው ጥያቄ ገባሁ። እኛ ጋ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ሄሊኮፕተር አለ፤ ሰዓቱን አስተካክዬም አላገኘሁትም።

መልስ፦ መዝጋቢው

እንጦጦ ነው ምክንያቱ ብዬ እገምታለሁ። ይህ ምልክት እንደ ዓይን ነው፤ ተራራ ከጋረደው አያልፍም። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አንተ ከጀርባው ነህ። መቀበያው ከተማው ውስጥ ከሆነ በሱሉልታ ሜዳ ላይ ዝቅ ብሎ የሚበረውን አይሰማውም። ከፍ ብሎ የሚሄደውን ግን በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማል።

መልስ፦ ከአያት

ራሳችሁ መቀበያ መትከል የምታስቡ ካላችሁ ዕቃው ትንሽ ኮምፒውተር፣ የዩኤስቢ ሬዲዮና አንቴና ነው። የሚሰማ እንጂ የሚያሰራጭ አይደለም። ቢሆንም ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ጉምሩክንና የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ ከመሯሯጥ ይሻላል።

ለልጁ ደግሞ ምክር፦ ከፍ ብሎ የሚያልፈውን ድምፁ በመጣበት በኩል አይፈልገው። 8 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን ድምፁ እኛ ጋ እስኪደርስ ከ20 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ እሱ በዚያ ጊዜ ብዙ ሄዷል። ወደፊት ቀድሞ ይመልከት። የካቲትን ደግሞ አያሳልፈው፤ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ የመሪዎች አውሮፕላኖች ከየአገሩ ይመጣሉ፣ በሌላው ወር የማይታይ ዓይነት ያያል።

ጠያቂው፦ አራብሳ 4ኛ ፎቅ

ጋሼ፣ ጅራቱን ጠየቅኩት። ደብተሩን ገልጦ ረቡዕ የሣለውን አሳየኝ፤ ጅራቱ ከላይ አግድም ነው፣ «ቲ»! እኔ ሥዕሉን አላየሁለትም ነበር። ስምዎን ስለማላውቅ «መሣሪያውን ይጠግኑ የነበሩት ሰውዬ ነገሩን» ብሎ ከሥሩ ጽፎበታል።

እናቲቱ ጋ አብረን ሄደን የበረራውን መስመር በስልኬ አሳየናቸው። ባለቤታቸው በወር ሁለቴ ለሥራ የሚበሩ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ሲገባቸው «ታዲያ ይመላለስ እንጂ» አሉ። ልጄ አሁን በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሯል፦ የእኛ ሰዓት፣ የካርታው ሰዓት፣ 7,600 የተቀነሰበት ከፍታ። ዛሬ ጠዋት ትንሹ አውሮፕላን አልመጣም።